የአሥረኛው ተማሪ ስልክ

ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አሥሩ የውጭ አገር ተማሪዎች ከፈተና ሲመለሱ የክፍላቸው በር እንደተቆለፈ ነበር፤ መስኮቱም እንደተዘጋ። ውስጥ ግን አንድም ስልክ አልነበረም። ፈተና ላይ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ሁሉም በየአልጋው ላይ ትቶት ነበር የወጣው። አሥር ሰው፣ አሥር ስልክ፣ ከነቻርጀሩ።

ኢንስፔክተር ወሰኔ ከሳጅን ጽዮን ጋር ሲደርስ አራት ጥበቃዎች በሩን ከበው ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ወሰኔ ሰላም ብሏቸው አለፈ። የቀየት ልጅ ነው፤ በመንዝ ምድር ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ኖሮ ከበግ እስከ ሰው ነፍስ የጠፋውን ሁሉ ፈልጓል። ቀልድ ይወዳል፣ ችኮላ አይወድም።

ነገሩ ግን ለቀልድ የሚመች አልነበረም። ዘመሮ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግማሹ ሕንፃ ነው፣ ግማሹ ገና ብሎኬት። መንግሥት የውጭ አገር ተማሪ ስበው ለሚያመጡ ዩኒቨርሲቲዎች ልዩ በጀት ሲመድብ፣ ይህም ግቢ ድርሻውን ወስዶ ጅቡቲና ጁባ ድረስ ሰው ልኮ አሥር ልጅ አምጥቷል። በጀቱ እንዲቀጥል አሥር ተማሪ በአካል ተገኝቶ መቆጠር አለበት። አጣሪዎቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡት የፊታችን ዓርብ ነው። አሥር ካልሞላ በጀቱ ይቆማል፤ ጣሪያ የሚጠብቀው አዲሱ የተማሪዎች ማደሪያም ጣሪያውን እንደጠበቀ ይቀራል።

«ልጆቹ የሌባ አገር ነው ብለው ከሄዱብን አለቀልን» ብሎ ነበር የግቢው የበላይ ኃላፊ በስልክ። «ቶሎ ይሁን፤ ደግሞም በዝምታ።»

ወሰኔ ክፍሉን ዞሮ አየ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ላፕቶፕ አለ። አንዱ አልጋ ራስጌ የወርቅ ቀለበት ተቀምጧል። የጁባው ልጅ ጃኬት ኪስ ውስጥ ብር አለ፤ ማንም አልነካውም።

«ወርቅ ትቶ አሮጌ ስልክ የሚለቅም ሌባ» አለች ጽዮን፣ «ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ…»

«ወይ ሌባ አይደለም» አለ ወሰኔ።

ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አነጋገረ። የመጨረሻው ሙሐመድያሲን የሚባል የጅቡቲ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ሁለት ሹራብ ደርቦም የሚንቀጠቀጥ። አማርኛ የተማረው የከባድ መኪና ሹፌር ከሆነው አጎቱ ነው፤ ስለዚህ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ሲያወራ እንደ አገሩ ሰው ነው፣ በሌላው ነገር ትንሽ ይንገዳገዳል። አልጋው ላይ ጥቁር ባና ተነጥፏል፤ የመንዝ ሴቶች ከበግ ጠጉር ፈትለው የሚያሠሩት፣ ውርጭ የማይደፍረው ብርድ ልብስ።

«ባናው ያንተ ነው?»

«አይደለም። ጧት ስወጣ አልነበረም። ግቢው የሰጠን መሰለኝ።»

ወሰኔ የቀሩትን ዘጠኝ አልጋዎች በዓይኑ ቆጠረ። ባና ያለው የዚህ ልጅ አልጋ ብቻ ነው።

«ስልኩ ይቅር» አለ ሙሐመድያሲን። «አንድ ጊዜ ብቻ ልደውል። እናቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ትናንት ኔትወርክ አልነበረም። ታስባለች።»

«ለዚህማ የእኔ አለ። እንካ።»

ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ቁልፎቹን ሲያይ ቆየና መለሰለት። ቁጥሩን በቃሉ አያውቀውም፤ የጠፋው ስልክ ውስጥ ነው። ወሰኔ ሳቀ። የራሱ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ ያለ ስልክ የአባታቸውን ስም የሚያስታውሱ አይመስሉም።

«ፋይልህ ላይ መኖሩ አይቀርም። ዛሬውኑ ከእናትህ ጋር አገናኝሃለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ደረጃውን ሲወርዱ ወሰኔ ድንገት ቆመ። «ጽዮን፣ ሌባ ሊወስድ ይገባል እንጂ ሊያለብስ ይገባል?»

*

የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው አቶ ኃይለመስቀል ነው፤ አሥሩን ልጆች በየአገራቸው ዞሮ ያመጣቸው እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያዘጋጀው ብሮሹር ተቆልሏል። ሽፋኑ ላይ ፀሐይ አለ፣ አበባ አለ፣ ቲሸርት የለበሱ ተማሪዎች አሉ።

«ስለ ብርዱ ምንም አላሉም» አለ ወሰኔ እያገላበጠ።

«አልጠየቁኝም።»

ወሰኔ ሊስቅ ሲል የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ኃይለመስቀል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ወዲያው እንደገና ጀመረ።

«አያነሡትም?»

«የተሳሳተ ቁጥር ነው። ከጧት ጀምሮ መከራዬን አበላኝ።»

«እሺ። የሙሐመድያሲንን ፋይል ይስጡኝ፤ የቤተሰቡን ቁጥር ፈልጌ ነው።»

ሰውየው ብዕሩን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ፋይሉ እዚህ የለም። ለማጣራቱ አዲስ አበባ ተልኳል።»

«የእሱ ብቻ?»

«የ… የአሥሩም።»

ጥር ነው፤ ውጭ ፀሐይ ወጥታም ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የኃይለመስቀል ግንባር ግን አልቦታል። ወሰኔ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ወጣ።

*

የማደሪያው ቁልፍ ያዥ፣ ተማሪዎቹ ፕሮክተር የሚሏቸው፣ ወይዘሮ ሙሉመቤት ናቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ የጣለውን የመሳፈሪያ ብር ይዘው እስከ ዓለም ከተማ የተከተሉ ሴት ናቸው፤ ወሰኔ እኚህን ሴትዮና ሌብነትን በአንድ ላይ ማሰብ አልሆነለትም።

«ቁልፉ የት ነበር፣ እትዬ?»

«እዚያ ምስማር ላይ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው።»

«ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችላል?»

«እጅ ያለው ሁሉ።»

«ዓይንዎ ቀልቷል።»

«ጉንፋን ነው።» በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ልጁ ምሳ በላ?»

«የትኛው ልጅ?»

«ልጆቹ ማለቴ ነው። ሁሉም።»

ወሰኔ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈና መልሶ ሰረዘው።

*

ጽዮን ግን የምትጠረጥረውን ሰው አግኝታ ነበር። ሀዲስ ይባላል፤ የመርሐቤቴ ልጅ፣ ሦስተኛ ዓመት። የማደሪያው ግድግዳ ላይ በከሰል «እንግዳ በፍራሽ፣ ባለቤት በሰሌን» ብሎ የጻፈው እሱ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ሳይጨነቅ። «ፊደሉ አላማረም?»

«ዛሬ ጧት ፈተና ላይ አልነበርክም» አለ ወሰኔ።

«የእኔ ከሰዓት ነው።»

«ታዲያ ጧት የት ነበርክ?»

«ከተማ።»

«ከተማ የት?»

«ሆድ ይፍጀው።»

«ሆድህ ሲፈጀው እስር ቤት ብትከርምስ?»

ሀዲስ ሁለት እጆቹን አጣምሮ ዘረጋ። «እሰሩኝ። አልናገርም።»

ወሰኔ ትኩር ብሎ አየው። ሌባ የሚያሳየው ድፍረት አለ፣ አደራ የያዘ ሰው የሚያሳየው ድፍረት አለ። የዚህ ልጅ ሁለተኛውን ይመስላል። ሳያስረው ለቀቀው።

ጽዮን ከተማውን ዞራ ስትመለስ አመሻሹ ነበር። ሀዲስ ጧቱን የቆየው በጋሽ ዓብዱልቃድር ሱቅ ነው። ሽማግሌው ነጋዴ ከቆላው ወጥተው ዘመሮ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ የከተማዋ ሙስሊሞች ታላቅ ናቸው።

«ምን ገዛ?»

«ምንም። ጥያቄ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም መለሱለት። ምን እንደጠየቀ ሊነግሩኝ አልወደዱም። ‘ልጄ፣ ነገሩን ቶሎ ጨርሱት፤ ሲዘገይ ጥሩ አይደለም’ ብቻ አሉኝ።» ጽዮን ቆቧን አወለቀች። «ጌታዬ፣ ይሄ ከተማ ሌባውን የሚያውቀው ይመስለኛል። የማናውቀው እኛ ብቻ ነን።»

ከግቢው ሲወጡ ሙሐመድያሲን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ቁጥሩ ተገኘ ወይ ብሎ በአፉ አልጠየቀም፤ በዓይኑ ብቻ ጠየቀ።

«ነገ» አለው ወሰኔ። ሲለው አፈረ።

*

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከፈተና በኋላ ተማሪዎቹ ኳስ ይጫወታሉ። ወሰኔ ጥበቃዎቹን ሊጠይቅ መጥቶ ሜዳው ዳር ቆመ። ሙሐመድያሲን ሁለት ሹራቡን አውልቆ ይሮጣል፤ ብርዱን የሚያሸንፈው ኳስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሦስት ሰው አልፎ አገባና እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ሜዳውን ዞረ።

ማንም አልጮኸም።

ተመልካቹ ሃምሳ ሰው ይሆናል። አንዱ ተማሪ መሬት መሬት ያያል። የገባበት በረኛ ተነሥቶ ልጁን አቀፈው፤ ከሚገባው በላይ አቆየው። ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ባለፈው ሳምንት «እንግዳ በፍራሽ» ያለው ሀዲስ የራሱን ጋቢ ይዞ ሄዶ ላብ ያጠመቀው ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት።

ሙሐመድያሲን ወሰኔን አይቶ እየሮጠ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁሉም ሰው ደግ ሆነብኝ። ካፌ ሄድኩ፣ ሥጋ ጨመሩልኝ። ጥበቃው ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ምን አጠፋሁ?»

ወሰኔ ይህን ነገር ያውቀዋል። ከየት እንደሚያውቀው ለማስታወስ ግን ጥቂት ጊዜ ፈጀበት።

ያኔ የፖሊስ ምልምል ነበር። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሶ፣ ለአባቱ ካፖርት ገዝቶ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የመንደሩ ሰዎች ከፊት ወንበር ተነሥተው አስቀመጡት። ጣርማበር ላይ ምሳ ሲበሉ ሒሳብ እንዳይከፍል እጁን ያዙት። እሱም ደስ ብሎት መንገዱን ሙሉ ቀልድ ሲያወራላቸው ዋለ። ፈገግ ይላሉ፣ ወዲያው በመስኮት ያያሉ። ቤት ሲደርስ እናቱ ጥቁር ለብሳለች። አባቱ ከተቀበሩ አርባ ቀን ሆኗቸው ነበር። ፈተናው እንዳይበላሽበት ተብሎ አርባ ቀን አገር ሁሉ ዝም አለ።

ወሰኔ የሙሐመድያሲንን ትከሻ ያዝ አደረገ። «ምንም አላጠፋህም» አለው፣ «ምንም።» ከዚያ ወደ ኃይለመስቀል ቢሮ በእርምጃ ሳይሆን በሩጫ ሄደ።

*

ጽዮን ቀድማው ገብታ ካቢኔውን አስከፍታለች። አሥር ፋይል ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች።

«አዲስ አበባ የሄደ ነገር የለም» አለች።

ኃይለመስቀል ወንበሩ ላይ ኩምትር ብሎ ተቀምጧል። ሊናገር አፉን ሲከፍት የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ሦስቱም አዩት። ኃይለመስቀል እጁን ሰደደ፤ የወሰኔ እጅ ቀደመ።

«ሃሎ! አቶ ኃይለመስቀል?» አለ የደከመ የወንድ ድምፅ፣ በሹፌር አማርኛ። «ስንት ቀን እደውላለሁ! ልጁ ለምን አይደውልም? እሁድ ነግሬህ የለም? እናቱን እሁዱኑ ቀበርናት። እህቶቹ እሱን እያሉ ያለቅሳሉ። ምን ሆኖ ነው? ታሟል?»

ወሰኔ ዓይኑን ጨፈነ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። «ፖሊስ ነኝ፤ ልጁ ደኅና ነው። ገና አልሰማም። ነገ በጧት ይደውልልዎታል፤ እኔ አለሁ።»

ስልኩን አስቀምጦ ወደ ኃይለመስቀል ዞረ።

«ለበጀቱ ነው?» አለው።

ኃይለመስቀል ፊቱን በመዳፉ አሸ። «እሁድ ለዓርቡ ሪፖርት ሳዘጋጅ ነበር የደወለው። ሲነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ‘ዘጠኝ’ የሚለው ቁጥር ነው። ይሄ ልጅ ከሄደ ዘጠኝ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ሮጬ ለእትዬ ሙሉመቤት ነገርኳቸው። ‘ፈተናው እስኪያልቅ በእኔ ይሁን’ አሉኝ፤ እኔም እፎይ አልኩ። እፎይ ያልኩት ለልጁ ይሁን ለቁጥሩ፣ ብታስረኝም አላውቀውም።»

«ስልኮቹንስ ማን ወሰደ?»

«አላውቅም። ማወቅም አልፈለግሁም።»

*

ወይዘሮ ሙሉመቤት ጥያቄ አልጠበቁም። ወሰኔን በር ላይ ሲያዩት ወደ ጓዳቸው ገብተው ከገብስ ጆንያ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«አሥሩም አሉ» አሉ። «አንዱም አልተጫረም።»

«የሌሎቹን ለምን?»

«የእሱን ብቻ ብወስድ በጓደኛው ይደወልለታል። ባና ላለብሰው ገባሁ፤ አልጋው ላይ ስልኩን አየሁት። ኔትወርኩ ከመጣ አለቀ፣ ይጮኻል አልኩ። ስለዚህ ሰበሰብኳቸው።» ተቀመጡ። «ወሰኔ፣ አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ። ሰው የእናቱን መርዶ በስልክ ይሰማል? ቆሞ፣ ብቻውን፣ በሰው አገር? ቢወድቅ ማን ይደግፈዋል? ሐሙስ ፈተናው ያልቃል፤ እስከዚያ ለሰው ሁሉ ነግሬ ዝም እንዲሉ አደራ ብያቸዋለሁ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ አገሩን ሰብስቤ፣ እንደ ወጉ ላረዳው ነበር። ሀዲስን እንኳ ‘የእነሱ ሥርዓት እንዴት ነው’ ብዬ ወደ ጋሽ ዓብዱልቃድር ልኬዋለሁ።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

ሙሉመቤት አንገታቸውን ደፉ። «‘ሞት አይደበቅም፣ ዛሬውኑ ንገሩት’ አሉ። እኔ ግን… ፈተናውን አሰብኩ።»

ወሰኔ አጠገባቸው ተቀመጠ። ስለ ካፖርቱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ መንገድ ሙሉ ስላወራው ቀልድ ነገራቸው። ለሚስቱም እንኳ እንዲህ አድርጎ ነግሯት አያውቅም።

«ፈተናውን አልፌያለሁ» አለ። «በከፍተኛ ውጤት። ግን እትዬ፣ አባቴ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ያን ያህል ስቄያለሁ። ለእኔ አስበው ነው፤ አውቃለሁ። አልተቀየምኳቸውም። ግን ያን ሳቄን እስከ ዛሬ ማንም አልወሰደልኝም።»

ሙሉመቤት ስልኮቹን መልሰው በነጠላው ጠቀለሏቸው።

«ነገ ጎህ ሲቀድ» አሉ ከዚያ። «ሰው ልጥራ?»

«ይጥሩ።»

*

ረቡዕ ንጋት ጉም ግቢውን ሞልቶታል። ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴቶች፣ ጥበቃዎቹ፣ ዘጠኙ ተማሪዎች፣ ሀዲስና ጓደኞቹ፣ ጋሽ ዓብዱልቃድርና ከእሳቸው ጋር የመጡ ሰባት ሙስሊሞች፣ ሁሉም ከማደሪያው ፊት ለፊት ቆሙ። ድምፅ የለም።

ሙሐመድያሲን ለሶላት ሊታጠብ፣ ውዱ ሊያደርግ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሕዝቡን አየ፣ ወሰኔን አየ፣ ፊቱ በራ።

«ስልኩ ተገኘ?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቃል የገባው ወሰኔ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደ።

«ተገኝቷል። ልጄ… እናትህ አርፋለች።»

ልጁ የቆመበት ቀረ። «መቼ?»

«እሁድ።»

ሙሐመድያሲን ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ፤ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ሦስተኛዋ ላይ ቆመ።

«በእኛ ሐዘን ሦስት ቀን ነው» አለ። «ሦስቱ ቀን አለቀ። እህቶቼ ተቀመጡ፣ ሰው መጣ፣ ዱዓ ተደረገ። እኔ እዚህ ሳቅሁ። ትናንት ኳስ ተጫወትኩ። እናቴ ሞታ ኳስ ተጫወትኩ!»

«ልጄ» ብለው ሙሉመቤት ሊይዙት ቀረቡ። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የደበቅሁህ…»

«አይንኩኝ!»

የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወሰኔ ያን እጅ ማየት አልቻለም። ጋሽ ዓብዱልቃድር በቀስታ መሐል ገብተው የልጁን ራስ ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን፤ የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን» አሉ። «ስማኝ፣ ልጄ። ቅርብ ላለ ሰው ሦስቱ ቀን ከቀብር ይቆጠራል። ሩቅ ላለ ሰው ከሰማበት ነው። ኡለማዎቻችን እንዲያ ነው ያስተማሩን። ያንተ ሦስት ቀን ገና ዛሬ ጀመረ። ማንም አልወሰደብህም።»

ያኔ አለቀሰ። ያለቀሰው እንደ ልጅ ነው፣ በሙሉ ድምፁ። ሴቶቹም ተከተሉት። አንዷ ባልቴት «ስሟ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ስም ሳይጠራ እንዴት ይለቀሳል? «ሐዋ» አለ። እናም በዘመሮ ብርድ ውስጥ በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ የተቀበረችውን ሐዋን፣ አንድ ቀን አይተዋት የማያውቁ ሴቶች በስሟ እየጠሩ አለቀሱላት።

ፀሐይ ስትወጣ ልጁ ስልኩን ተቀብሎ አጎቱን አነጋገረ። ዛሬ ከተነሣ የሐዘኑን ሦስተኛ ቀን ከእህቶቹ ጋር ይቀመጣል። ኃይለመስቀል የፈቃድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ። ወረቀቱን ሲሰጠው የራሱ ስልክ ጠራ። የበላዩ ድምፅ ለወሰኔም ይሰማው ነበር፦ «እስከ ዓርብ ብቻ አቆየው! ሁለት ቀን ምናላት?»

«አይሰማኝም» አለ ኃይለመስቀል። «ሃሎ? ኔትወርክ የለም።» ዘጋና ኪሱ ከተተው።

ሙሐመድያሲን የሁሉንም እጅ ጨብጦ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሙሉመቤት ከሰው ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። ወደዚያ አልዞረም።

*

ዓርብ አጣሪዎቹ መጡ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። ወሰኔ ለመዝገቡ የሚሆን ፊርማ ሊያሰባስብ ግቢው ውስጥ ነበርና ሲቆጥሩ አየ።

«ሪፖርታችሁ አሥር ይላል» አለች ሴትየዋ።

«ዘጠኝ ነው» አለ ኃይለመስቀል። «አሥረኛው እናቱ ሞታበት ሄዷል።»

«መች ይመለሳል?»

«አላውቅም።»

«በደንቡ መሠረት ዘጠኝ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ይጻፉ።»

ጻፈች። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ታገደ። አዲሱ ማደሪያ ጣሪያ ሳይለብስ ቀረ፤ ሀዲስም ሰሌኑ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ ስለ እንግዳ የጻፈ አልነበረም።

የወሰኔ መዝገብም አልተዘጋም። ንብረቱ ስለተመለሰ፣ አሥሩም ባለስልኮች አቤቱታችንን ትተናል ብለው ከፈረሙ ዐቃቤ ሕጉ ሊዘጋው ተስማምቷል። ዘጠኙ በደስታ ፈረሙ። አሥረኛው የለም። ወይዘሮ ሙሉመቤት በሰነዱ ላይ አሁንም ተጠርጣሪ ናቸው። ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ግን ከስተዋል፣ ቁልፍ ሲሰጡ ቀና ብለው አያዩም። «ያከሳኝ ክሱ አይደለም» አሏት ጽዮንን አንድ ቀን። «ያ ‘አይንኩኝ’ ያለኝ ነው።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጧት የወሰኔ ስልክ ጠራ፤ የጅቡቲ ቁጥር።

«ኢንስፔክተር፣ አጎቴ ነገረኝ። ፊርማ ፈልገህ ነበር።»

«አዎ። ወረቀቱን ልላክልህ፤ ፈርመህ ፎቶውን ብትልክልኝ ይበቃል።»

«አልፈርምም።»

«ሙሐመድያሲን፣ አሮጊት ናቸው። ክፉ አስበው አይደለም…»

«አውቃለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለእናቴ ከእኔ በፊት ያለቀሱላት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ቀይ ነበር፤ እኔ ጉንፋን መስሎኝ ሎሚ ሰጠኋቸው። በስልክ አልፈርምም። የቀረችኝ አንድ ፈተና አለች። የእህቶቼን ነገር ካስተካከልኩ በመጋቢት እመጣለሁ፤ እሳቸው ፊት ቁጭ ብዬ በእጄ እፈርማለሁ። እስከዚያ መዝገቡን እንዳትዘጋው።»

ወሰኔ ቆቡን አንሥቶ ማደሪያው ድረስ በእግሩ ሄደ። ሙሉመቤት በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የልጁን ቃል አንድም ሳይቀር ነገራቸው። ጨርሶ ሲያበቃም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆዩ።

«እንግዲህ እስከ መጋቢት ተጠርጣሪ ነኝ ማለት ነው?» አሉ ከነጠላው ሥር።

«ነዎት እንጂ። ከከተማም እንዳይወጡ አዝዣለሁ።»

ነጠላውን ከፊታቸው ገለጡት። እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

«ወዴት እወጣለሁ» አሉት፣ «ልጄ ሊመጣ!»